ማኅተም ከባለቤቱ ሲለይ

በአማርኛ ቋንቋ በሌላ ሰው ሥልጣን የሚሠራውን ሰው ለመጥራት የተበጁ ሁለት ቃላት አሉ፤ እነርሱም እንደራሴና ምስለኔ ናቸው። እንደራሴ ማለት እንደ እኔ ራሴ አድርጋችሁ ቍጠሩት ማለት ነው፤ ምስለኔም እኔን የሚመስል፥ በእኔ ፈንታ የቆመ ማለት ነው። እነዚህን ቃላት ያወጡ ሰዎች ሥልጣን እንደ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነገር አለመሆኑን ሳያስተውሉ አልቀሩም። ዕቃ የተሰጠው ሰው ዕቃው የራሱ ይሆናል፤ እንደራሴ የተባለው ግን የራሱ የሆነ ምንም ነገር በእጁ የለም፤ የሌላ ሰው ፈቃድ በእርሱ ላይ አድሮ ይሠራል እንጂ። ስለዚህ ያ ሌላው ሰው ቢሞት፥ ወይም አሳቡን ቢለውጥ፥ ወይም እንደራሴው ከታዘዘው መንገድ ቢወጣ፥ ስሙ ሳይለወጥ ነገሩ ባዶ ይሆናል።

ይህ ጥያቄ በቀድሞ ዘመን የቤተ መንግሥትና የፍርድ ሸንጎ ጉዳይ ነበረ። ዛሬ ግን ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ሳይጠብቀው ደብዳቤ የሚጽፍ፥ ገንዘብ የሚያስተላልፍ፥ መዝገብ የሚያርም፥ ዕቃ የሚገዛ የኮምፒዩተር ሥርዓት ተሠርቷልና ጥያቄው ወደ ነጋዴውም ወደ ጸሐፊውም ቤት ገብቷል። ባለቤቱ አንድ ጊዜ ይህን አድርግልኝ ብሎ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ መሣሪያውም ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ፥ ሌላ ሥራ ይዞ ሳለ፥ አንዳንድ ጊዜም ፈቃዱን መስጠቱን ጨርሶ ረስቶ ሳለ፥ ሥራውን ይቀጥላል። እንግዲህ በጧት የተሰጠ ፈቃድ ለማታው ሥራ ይበቃልን? ወይስ በራሱ የሚሠራው መሣሪያ በየሥራው ላይ ፈቃዱ አሁንም ጸንቶ እንዳለ ሊጠየቅ ይገባዋል? ብዙ ሰው ይህን የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ አድርጎ ይመለከተዋል፤ ነገር ግን መሐንዲስ ከመወለዱ አስቀድሞ በሰዎች መካከል የኖረ የኅሊና ጉዳይ ነው።

ነገሩን ለመመርመር ከእንጦጦ ተራራ የሚሻል ስፍራ በቀላሉ አይገኝም። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ከዚያ ስድስት ወር አስቀድሞ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፥ በውጫሌ ከኢጣልያ መልእክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋራ ውል ተዋውለው ነበር። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋራ ላላቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላላክ እንደሚቻላቸው የሚናገር ነበረ፤ በኢጣልያንኛው ግን የሚቻለው ነገር የግድ ሆኖ ተጻፈ። በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም.፥ ዘውዱ ከመጫኑ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፥ የኢጣልያ መንግሥት ለአውሮፓ መንግሥታት የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ በእርሱ እጅ መሆኑን አስታወቀ።

ምኒልክም ይህን ሳያውቁ በታኅሣሥ ወር ለአውሮፓ ነገሥታት መንገሣቸውን የሚያበሥር ደብዳቤ ላኩ። ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያና ከጀርመን መንግሥት የመጣው መልስ እንዲህ ያለ ጉዳይ በኢጣልያ በኩል ሊመጣ የሚገባው መሆኑን የሚያስረዳ ነበረ። ስለ ትርጕሙ መጣመም ብዙ ሰው ጽፏል፤ ከዚያ ይልቅ የሚያስተምረው ግን ንጉሡ ነገሩን ያወቁበት መንገድ ነው። ወኪል ነኝ ባዩ በስማቸው ለዓለም ተናግሮ ነበር፤ የሰሙትም መንግሥታት ሰምተው መዝገባቸው ላይ አስፍረው ነበር፤ ነገር ግን ከእነርሱ አንዱ እንኳ ወደ ባለ ፈቃዱ ልኮ፥ ይህ በእውነት የአንተ ፈቃድ ነውን ብሎ አልጠየቀም። ወረቀቱ ማኅተም ነበረውና የሚጠይቅ አልተገኘም። ባለቤቱ የሰጠው ፈቃድ ምን ሆኖ እንደ ዋለ የሰማው ከሌላ ሰው አፍ፥ በአጋጣሚ፥ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ ምኒልክ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው አንቀጹን ተቃወሙ፤ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን ጨርሰው አፈረሱ። ፈቃዱ የተሻረው እንግዲህ በ1885 ዓ.ም. ነው፤ ወኪል ነኝ ያለው ወገን መሻሩን የተቀበለው ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የሆነው ከሆነ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ሦስት ዓመትና የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት አለፈ። ፈቃድን መሻር አንድ ነገር ነው፤ መሻሩ በሚሠራው እጅ ላይ እንዲደርስና እጁን እንዲይዘው ማድረግ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

በንጉሡ ዕድሜ ፍጻሜ የሆነው ነገር ከዚህም ይልቅ ረቂቅ ነው። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ምኒልክ ጽኑ ሕመም አገኛቸውና አንደበታቸው ተያዘ። እቴጌ ጣይቱ በታመመው ንጉሠ ነገሥት ስም ሲሾሙና ሲሽሩ ቈዩ፤ መኳንንቱም በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ከሥልጣን አራቋቸው። ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው የአልጋ ወራሹ የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና እንደራሴ ሆነው ቆሙ፤ እርሳቸውም በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልታወጀም። እቴጌይቱም ከዚያ በኋላ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው ተቀመጡ፤ በዚያም የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

በእቴጌይቱም ሆነ በመኳንንቱ ላይ መፍረድ እዚህ ላይ አያስፈልግም፤ አገር ያለ ገዥ እንዳይቀር እያንዳንዱ ወገን የመሰለውን አድርጓል። የሚያስፈልገው በሩቅ አገር ተቀምጦ በንጉሡ ስም የወጣ ትእዛዝ የሚቀበለውን ሹም ማሰብ ነው። እርሱ ማኅተሙን አገላብጦ ቢመረምር አንዳች ሐሰት አያገኝበትም። ሐሰተኛ ማኅተም የሚያታልለው በመልኩ ነው፤ መልኩንም ዐዋቂ ሰው ይለየዋል። ባለቤቱ የተለየው ማኅተም ግን መልኩ ሁሉ እውነተኛ ነው፤ የጐደለው ከወረቀቱ ላይ ሳይሆን ከወረቀቱ በስተ ኋላ ነውና በመመልከት አይታወቅም። የሚታወቀው በመጠየቅ ብቻ ነው፤ ያውም የሚመልስ ሰው ካለ።

የአገራችን ሕግ ይህን በሚገባ ተረድቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወካዩ ሰው የሰጠውን ሥልጣን በፈለገ ጊዜ ሊያነሣ እንደሚችል፥ ሌላ ስምምነት ከሌለም ወካዩ ሲሞት ውክልናው እንደሚቀር ይደነግጋል። ሕጉ ውክልናን የወኪሉ ንብረት አላደረገውም ማለት ነው። ነገር ግን ሕጉ የተጻፈው ለሰው ነው፤ ሰውም ትእዛዝ ሲሠራ ከሕጉ ሌላ ሁለት ጠባቂዎች አሉት። አንዱ ጥርጥር ነው፤ እንግዳ ነገር የታዘዘ ምስለኔ ያመነታል፥ ሽማግሌ ያማክራል፥ ነገ አደርገዋለሁ ብሎ ያሳድረዋል። ሁለተኛው የመንገድ ርዝመት ነው። ደብዳቤ በበቅሎ ሦስት ሳምንት በሚሄድበት ዘመን ክፉ ትእዛዝ ሳይደርስ ሊጠራ ይችል ነበር፤ ባለ ሁለተኛው በቅሎ ፈጣን ከሆነ ማለት ነው። ሰዎች ስለ መንገድ መርዘም ብዙ ጊዜ አማርረዋል፤ የበቅሎው ዝግታ ስንት ጥፋት እንዳስቀረ ግን የቈጠረው የለም። በራሱ የሚሠራው ኮምፒዩተር ሁለቱንም ጠባቂዎች አስወግዷል፤ አያመነታም፥ መንገዱም የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አይፈጅበትም። እንግዲህ ልብና መንገድ በነጻ ይሰጡን የነበረውን ጥበቃ አስበን በሥርዓት ካላኖርነው በቀር በቦታው ምንም የለም።

በዚያው በእንጦጦ ተራራ ላይ ዛሬ ከዋክብትን የሚመረምሩበት ጣቢያ ቆሟል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያይቱን ሳተላይት ከቻይና አገር ወደ ሰማይ ስታስወነጭፍ ከምድር የምትታዘዝበት ጣቢያ የተሠራው በእንጦጦ ነበረ። ሰባ ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነው ያች መሣሪያ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና የእርሻውንና የደኑን ምስል እንድታነሣ የተላከች ናት። በዚህ ከፍታ ያለች ሳተላይት ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር ከአንድ ሰዓት ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይበቃታል፤ ነገር ግን ከአንድ ጣቢያ ጋራ የምትተያየው በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ በያንዳንዱም ጊዜ ከዐሥር ደቂቃ ብዙ አያልፍም። በቀረው ጊዜ ሁሉ ከተራራው ተሰውራ፥ ቀድሞ የተጫነላትን ትእዛዝ ይዛ ብቻዋን ትሠራለች።

እንዲህ ያሉትን መሣሪያዎች የሚሠሩ ሰዎች ይህን ብቸኝነት አስቀድመው ያስቡበታል። እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚፈጸምበት ሰዓት ተወስኖ ይላካል፤ ትእዛዙ ከእውነተኛው ጣቢያ መምጣቱ ይፈተናል፤ ሳተላይቷም በውስጧ አንዳች ብልሽት ብታገኝ ወይም ለብዙ ጊዜ ድምፅ ሳትሰማ ብትቀር፥ በገዛ ራሷ አሳብ ሥራውን ከመቀጠል ይልቅ ሥራዋን አቁማ፥ ኃይል የምትቀበልበትን ክንፏን ወደ ፀሐይ አዙራ፥ ከምድር እስክትጠራ ትጠብቃለች። ይህ የፍርሃት ሥራ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን የሚያዝዘኝን አጥቻለሁና እጄን ልሰብስብ ማለት ለሰው ሹም እንኳ የሚከብድ ትሕትና ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚለው የአገራችን ተረት ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ሰው ይህን አይክድም።

ስለ ኮምፒዩተሮች የሚነገረውን ለማስተዋል ብዙ ጊዜ የሚደባለቁትን ሁለት ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። ማን እንደ ሆነ ማወቅ አንድ ነው፤ ምን እንደ ተፈቀደለት ማወቅ ሌላ ነው። ከሩቅ ደብር የመጣ እንግዳ ቄስ ክህነቱ እውነተኛ ነው፤ ማንም አይጠራጠረውም። ቢሆንም በዚህ ደብር፥ በዛሬው ቀን፥ በዚህ ቅዳሴ ገብቶ እንዲያገለግል የደብሩን አለቃ ፈቃድ ይጠይቃል እንጂ ክህነት አለኝና ብሎ ዘው አይልም። ፋይዳ የተባለው የአገራችን መታወቂያም እንዲሁ ነው፤ ሰውየው ማን መሆኑን ይነግራል፥ ምን ሊያደርግ እንደሚገባው ግን አይናገርም። ኮምፒዩተሮች ለብዙ ዘመን የተሠሩት ግን ማንነትን አንድ ጊዜ በር ላይ ጠይቀው፥ ከዚያ በኋላ ሁሉን በማመን ነበር። የገባው ሰው ውስጥ ሆኖ ምን እንደሚያደርግ የሚከታተል አልነበረም። ጆን ኪንደርቫግ የተባለ አሜሪካዊ በ2010 እ.ኤ.አ. ይህን ልማድ ነቅፎ፥ ውስጥ ያለውም ቢሆን በየጊዜው ሳይፈተን አይታመን የሚል አሳብ አቀረበ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋምም በ2020 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በመመሪያ መልክ አሳተመው።

ነገር ግን ማንነቱ የታወቀና ታማኝ የሆነ አገልጋይም ሊሳሳት የሚችልበት መንገድ አለ። ኖርም ሃርዲ የተባለ የኮምፒዩተር ሊቅ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ግራ የተጋባው ምስለኔ ሊባል የሚገባውን ነገር ተርኳል። በአንድ ድርጅት ኮምፒዩተር ውስጥ ሰዎች የጻፉትን ፕሮግራም ወደ መሣሪያው ቋንቋ የሚመልስ አገልጋይ ፕሮግራም ነበረ። ይህ አገልጋይ የራሱን የሥራ ቍጥር እንዲመዘግብ ተራ ሰው ሊነካው በማይችል መዝገብ ቤት ውስጥ የመጻፍ ፈቃድ ተሰጥቶት ነበር። የደንበኞች ሒሳብ የሚጻፍበትም መዝገብ በዚያው ስፍራ ነበረ። አንድ ተጠቃሚ ውጤቱን ጻፍልኝ ብሎ የዚያን የሒሳብ መዝገብ ስም ሰጠው፤ አገልጋዩም ታዘዘና ጻፈበት፤ የሒሳቡ መዝገብም ጠፋ። ልብ ሊባል የሚገባው ማንም ማንንም አለመስረቁ ነው። አገልጋዩ ሁለት ፈቃድ ይዞ ነበር፤ አንዱ ከድርጅቱ፥ አንዱ ከተጠቃሚው። ሥራውን የሠራው በድርጅቱ ፈቃድ ነው፤ የታዘዘው ግን በተጠቃሚው ነው። ይህን የማደርገው በማን ስም ነው ብሎ አልጠየቀም። ዛሬ የሰው ቋንቋ ሰምተው የሚታዘዙት አዲሶቹ መሣሪያዎች የሚወድቁበት ትልቁ ጕድጓድ ይኸው ነው፤ የጌታቸውን ቍልፍ ይዘው ሳለ በመንገድ ያገኙት ወረቀት ላይ የተጻፈውን ቃል እንደ ጌታቸው ትእዛዝ ሊቀበሉት ይችላሉና።

የተረሳ ፈቃድ ደግሞ የተለየ ጥፋት ያመጣል። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኮምፒዩተር አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ ነበረ። ነሐሴ 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. አዲስ ፕሮግራም ሲያስገባ ከስምንቱ ኮምፒዩተሮች በአንዱ ላይ ከዘጠኝ ዓመት ያህል በፊት ሥራው የቀረ አሮጌ ፕሮግራም ሳይነሣ ቀርቶ ነበርና ገበያው ሲከፈት ያ አሮጌ ፕሮግራም ነቃ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ኩባንያውን ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አከሰረው። የሚያሳዝነው ከገበያው መከፈት በፊት ኮምፒዩተሩ ራሱ ስለዚህ ስሕተት 97 መልእክት ለሠራተኞች ልኮ መገኘቱ ነው፤ ነገር ግን መልእክቶቹ ማስጠንቀቂያ ተብለው የተዘጋጁ አልነበሩምና የሠራባቸው ሰው አልተገኘም። ሥልጣኑን ማንም ያልነሣበት ሹም ከመቃብር ወጥቶ ገበያ ዋለ ማለት ነው።

በአገራችንም መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ለብዙ አንባቢዎች ገና ትዝ ይላል። በዚያ ሌሊት ለጥቂት ሰዓታት ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬውም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ እንደ እሳት ተዛመተ። ነገሩ ከውጭ የመጣ ጥቃት ሳይሆን በጥገናና በፍተሻ ሥራ ጊዜ የተፈጠረ መሰናክል እንደ ነበረ ተገለጸ። ባንኩ እነዚያን ሰዎች ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ስማቸውም ስልካቸውም በመዝገቡ አለ፤ ማንነታቸው በትክክል ተፈትኗል። የጐደለው በየክፍያው ላይ የሚጠየቀው ያ ትንሽ ጥያቄ ነበረ፤ ይህ ሰው ይህን ያህል ለማውጣት አሁን ይገባዋልን? መሣሪያው ይህን ባልጠየቀባቸው ሰዓታት ጥያቄው ወደ እያንዳንዱ ሰው ኅሊና ተመለሰ። ገንዘቡ የእኔ አይደለም ብሎ የመለሰ ነበረ፤ ያልመለሰም ነበረ፤ ባንኩም ገንዘቡን ለማስመለስ ስም እስከ ማውጣት ደርሷል። ለሰው ቢያንስ ኅሊና ነበረው። በዚያ ሌሊት በደንበኞቹ ስፍራ በራሳቸው የሚሠሩ መሣሪያዎች ብቻ ቆመው ቢሆን ኖሮ፥ ማሽኑ እስከ ፈቀደ ድረስ እስከ መጨረሻው ብር ማውጣታቸው ነበር፤ ተፈቅዷል የሚለው ቃል ለእነርሱ ይገባል ማለት ነውና።

እንግዲህ በየሥራው ሁሉ ፈቃድ ይጠየቅ ብሎ መደምደም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጕዳዩ እንዲህ አይጠቀለልም። ለእያንዳንዱ ትንሽ ነገር ባለቤቱን ፍቀድልኝ እያለ የሚቀሰቅስ አገልጋይ ከአገልጋይነት ወደ ሸክምነት ይለወጣል፤ ባለቤቱም ይሰለቻል። መቶ ጊዜ እሺ ያለ ሰው መቶ አንደኛውን ሳያነብ እሺ ይላል። በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀቱን ሳይመለከት የሚያትም ጸሐፊ አልጠፋም፤ ፊርማው ይበዛል እንጂ ፈቃዱ አይበዛም። እንዲህ ከሆነ ፍተሻው ራሱ ባለቤቱ የተለየው ማኅተም ይሆናል፤ ይህም ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ማንም አልጠየቀም ይባላል፥ በሁለተኛው ግን ተጠይቋል ተብሎ ተመዝግቦ ይቀመጣል።

ስለዚህ መመዘኛው የፍተሻው ብዛት ሳይሆን የሥራው መመለስ አለመመለስ ነው ማለት ይገባል። መዝገብ የሚያነብ መሣሪያ ተሳስቶ ቢያነብ እንደ ገና ይታረማል፤ ደብዳቤ የሚላክበት፥ ገንዘብ የሚወጣበት፥ መዝገብ የሚደመሰስበት፥ ሰው ከሥራ የሚሰናበትበት ግን ከተፈጸመ በኋላ የማይጠራ ነው። በመጽሐፈ አስቴር የተጻፈውን ካህናቱ ያውቁታል። ንጉሡ ቀለበቱን ከጣቱ አውልቆ ለሐማ ሰጠው፤ ሐማም በቀለበቱ አትሞ ደብዳቤዎችን ወደ አገሩ ሁሉ ላከ። በኋላ ሐማ ተሰቀለ፥ ቀለበቱም ለመርዶክዮስ ተሰጠ፤ ደብዳቤዎቹ ግን ሊሻሩ አልቻሉም፤ ሌሎች ደብዳቤዎች በፈጣን ፈረሶች ተከትለዋቸው መሮጥ ግድ ሆነ። ንጉሡ ሊጠይቅ የሚገባው ቀለበቱን ካወለቀ በኋላ ሳይሆን እያንዳንዱ ደብዳቤ ሲወጣ ነበረ።

ምስለኔውም ምስለኔ ሲኖረው ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ዛሬ አንዱ መሣሪያ ሥራውን ከፍሎ ለሌላው መሣሪያ ይሰጣል፤ ያም ለሦስተኛው። በሦስተኛው እጅ ላይ ያለው ፈቃድ ከማን እንደ መጣ፥ በመንገዱም ላይ እንዳደገ ወይም እንደ ጠበበ የሚያሳይ ሰንሰለት ካልኖረ፥ ጥፋት በደረሰ ቀን እያንዳንዱ ወደ ላይኛው ይጠቁማል፤ ላይኛውም እኔ ይህን አላዘዝሁም ይላል፤ እውነቱንም ነው። ባለሥልጣኖች በዚህ መንገድ ሲያመልጡ የኖሩ ናቸው፤ መሣሪያዎች ደግሞ አንደበት ስለሌላቸው ይበልጥ ይመቻሉ። ስለዚህ ለሌላው የሚሰጠው ፈቃድ ሰጭው በእጁ ካለው ጠባብ እንጂ ሰፊ ሊሆን አይገባውም፤ የሚያልቅበትም ቀን የተቈረጠ ይሁን። የተቈረጠ ቀን ያለው ፈቃድ የሚሽረው ሰው ቢሞት እንኳ በራሱ ጊዜ ይሞታል። በ1906 ዓ.ም. የቤተ መንግሥቱ ትእዛዞች ሁሉ በየሦስት ወሩ በባለቤቱ ቃል የሚታደሱ ቢሆኑ ኖሮ ሞቱ ሦስት ወር እንኳ አይሰወርም ነበር።

የቀረው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ እርሱም የሚጠየቀው ሰው ባልተገኘ ጊዜ መሣሪያው ምን ያድርግ የሚለው ነው። ለሳተላይት ማቆምና ወደ ፀሐይ ዞሮ መጠበቅ ይበጃል፤ በመጠበቋ የሚራብ ሰው የለምና። በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ቆሞ ለሕመምተኛ መድኃኒት በመጠን የሚያንጠባጥበው መሣሪያ ግን እንዲህ አይደለም። ፈቃዱ የተቋረጠበት መስሎት በድንገት ቀጥ ቢል፥ መቆሙ ራሱ ሊገድል ይችላል፤ ዝም ብሎ ቢቀጥልም እንዲሁ። እዚህ ላይ ትሕትና ብቻ አይበቃም፤ መሣሪያው በዚያች ሰዓት በራሱ እንዲፈርድ መተውም አይገባም። ሐኪሙ በአልጋው አጠገብ ቆሞ ሳለ፥ አንደበቱም ሳይያዝ፥ ባታገኘኝ ይህን ያህል ስጥ፥ ይህን ያህል ሰዓት ጠብቅ፥ ከዚያ አሳንስ፥ አስታማሚዋም እስክትመጣ ደወሉን ደውል ብሎ በግልጽ ሊያዝዘው ይገባል።